ሰው ወደ ሌላ ፕላኔት መሄድ አለበት? መስፈርስ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ጉዳይ የሚነሳው ክርክር ብዙ ጊዜ መቋጫ የሚያጣው ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ላይ ስለሚደባለቁ ነው። መሄድ ማለት ደርሶ፣ አጥንቶ መመለስ ነው። መስፈር ግን እዚያው መኖር፣ መውለድና ማርጀት፣ ውሎ አድሮም ከምድር የሚላክ ዕቃ ሳይጠብቁ ራስን መቻል ነው። የመጀመሪያው ውድና አደገኛ ቢሆንም መንገዱ ይታያል፤ ሊሞከርም ይገባል። ሁለተኛው ገና መሠረቱ አልተጣለም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉም ስለ ማርስ ብቻ የሚያወራው ለምንድን ነው?

ሌሎቹ አማራጮች ቶሎ ስለሚያልቁ ነው። የቬነስ ገጽ ሙቀት ከ460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል፣ የአየሯ ግፊትም የምድርን 90 እጥፍ ያህል ነው። በ1982 እዚያ ያረፈችው የሶቪየቷ ቬኔራ 13 ለ127 ደቂቃ ብቻ ሠርታ ጸጥ አለች፤ ያም ትልቅ ስኬት ነበር። ጁፒተርና ሳተርን እግር የሚያርፍበት መሬት የላቸውም። ሜርኩሪ ቀን 430 ዲግሪ ይግላል፣ ሌሊት ከዜሮ በታች 180 ይወርዳል። የሳተርን ጨረቃ ታይታን ወፍራም አየር ቢኖራትም ቅዝቃዜዋ ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ነው፤ ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩርም ሳተርን ጋ ለመድረስ ሰባት ዓመት ገደማ ፈጅቶባታል።

ከፀሐይ ውጭ ቅርባችን የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ 4.24 የብርሃን ዓመት ይርቃል። በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር በምትጓዘው ቮያጀር 1 በተባለችው መንኮራኩር ፍጥነት ብንሄድ 75,000 ዓመት ያህል ያስኬዳል። ስለዚህ ይህን ወደ ጎን እንተወው።

ማርስ ቀኗ 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ነው፣ ስበቷ የምድርን 38 በመቶ ያህላል፣ ከአፈሯ ሥርም በረዶ አለ። መልካም ዜናው እዚህ ላይ ያበቃል። የአየሯ ግፊት ከምድር 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ እሱም ቢሆን 95 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ገደማ ነው። የተመረጠችው ስለምትመች አይደለም፤ ሌሎቹ ስለሚብሱ ነው።

ጉዞው ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? በፈለግን ጊዜስ መነሳት አንችልም?

አንችልም። ምድርና ማርስ ፀሐይን የሚዞሩት በተለያየ ፍጥነት ስለሆነ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ55 ሚሊዮን እስከ 400 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይለዋወጣል። ነዳጅ የሚቆጥበው የመነሻ ጊዜ የሚመጣው በ26 ወር አንድ ጊዜ ነው። መሄጃው ከ6 እስከ 9 ወር ይፈጃል፤ ከዚያ የመመለሻው በር እስኪከፈት 500 ቀን ያህል እዚያው መጠበቅ ግድ ነው። ደርሶ መልሱ ሲደመር ሁለት ዓመት ተኩል ያልፋል።

የዚህ ትርጉሙ ከባድ ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ የታመመ ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊወርድ፣ የተበላሸ ዕቃም በወራት ውስጥ ሊተካ ይችላል። ማርስ ላይ አንድ ፓምፕ ቢቃጠልና መለዋወጫ ባይኖር ቀጣዩ ጭነት ሁለት ዓመት ሊርቅ ይችላል። በሬዲዮ ምክር መጠየቅም ቢሆን መልእክቱ ለአንድ መንገድ ብቻ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይወስዳል። ፀሐይ በመካከል ስትገባ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ያህል ግንኙነቱ ይቋረጣል። እሳት ቢነሳ ውሳኔው የእነሱ ብቻ ነው።

ሮቦቶች እያረፉ አይደል? ሰው ማሳረፍ ለምን ይከብዳል?

በክብደቱ ምክንያት። የማርስ አየር በሰዓት ወደ 20,000 ኪሎ ሜትር ሲገቡበት ለማቃጠል በቂ ነው፤ በፓራሹት ለማቆም ግን በጣም ስስ ነው። በ2021 ያረፈችው ፐርሰቪራንስ አንድ ቶን ያህል ትመዝናለች፤ ሙቀት መከላከያ፣ ፓራሹትና ሮኬት ሦስቱም አስፈልገዋታል። ሰው የሚይዝ ማረፊያ ግን ከ20 ቶን በላይ ይሆናል። ለዚያ የሚበቃ ፓራሹት መሥራት ስለማይቻል ከድምፅ በሚበልጥ ፍጥነት እየወረዱ ሞተሩን ወደ ፊት አስነስቶ ፍጥነትን መግታት የግድ ነው። መሬት አጠገብ ሲደረስ የሞተሩ እሳት አፈሩን ቆፍሮ ድንጋይ እንደ ጥይት ይረጫል። ስለሆነም የሚመለሱበት ሮኬትም ሆነ መኖሪያው ከማረፊያው ራቅ ብለው መቀመጥ አለባቸው።

የሚተነፈሰው አየር ከየት ይመጣል?

አንዱ ክፍል ተሞክሯል። ፐርሰቪራንስ ላይ የተገጠመው ሞክሲ የተባለው መሣሪያ የማርስን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጨምቆ፣ 800 ዲግሪ ድረስ አሙቆ፣ በኤሌክትሪክ ኦክስጅኑን ይለያል። ከ2021 እስከ 2023 ድረስ 16 ጊዜ ሠርቶ በድምሩ 122 ግራም አመረተ። አንድ ሰው በቀን 840 ግራም ያህል ኦክስጅን ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ምርት ለአንድ ሰው የሦስት ሰዓት ተኩል አየር ነው። ይህ መሣሪያውን ለመናቅ አይደለም፤ የተሠራው ነገሩ እንደሚቻል ለማሳየት ነበር፣ አሳየም። ዋናው ተጠቃሚ ግን ሳንባ አይደለም፤ ሮኬት ነው። አራት ሰዎችን ከማርስ ለማስነሳት 7 ቶን ነዳጅና 25 ቶን ኦክስጅን እንደሚያስፈልግ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ያሰላል። የሞክሲ ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 12 ግራም ነበር፤ በዚያ ፍጥነት 25 ቶን ለመሙላት ከ230 ዓመት በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ የሚፈለገው በሰዓት ከሁለት ኪሎ በላይ የሚያመርት፣ ከአንድ ዓመት በላይ ሳያቋርጥ የሚሠራ ማሽን ነው። እሱም ሰዎቹ ከመነሳታቸው በፊት ሄዶ፣ ታንኩን ሞልቶ፣ መሙላቱ መረጋገጥ አለበት።

ብዙ ሰው የሚረሳው ናይትሮጅንን ነው። ንጹሕ ኦክስጅን ለእሳት የተመቸ ስለሆነ በሌላ ጋዝ መቀላቀል አለበት፤ ከመኖሪያው ወደ ውጭ የሚያወጣው ባለ ሁለት በር መተላለፊያ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ ጥቂት አየር ያመልጣል። የማርስ አየር ናይትሮጅን ከ3 በመቶ በታች ነው። በ2014 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንድ የግል ድርጅትን የሰፈራ ዕቅድ ሲፈትሹ ያልተጠበቀ ችግር አገኙ፦ በመኖሪያው ውስጥ የሚበቅሉት አትክልቶች ኦክስጅኑን ከመጠን በላይ ያበዙታል፤ ትርፉን ለማስወጣት አየር ሲለቀቅ ናይትሮጅኑ አብሮ ይወጣል፤ በመጨረሻም ግፊቱ ይወርድና በ68 ቀን ገደማ የመጀመሪያው ሰው ይታፈናል። ምግብ የሚሰጠው ተክል ራሱ ገዳይ ሆነ ማለት ነው። መፍትሔው ኦክስጅኑን ብቻ ለይቶ የሚያወጣ መሣሪያ ነው፤ ያ ደግሞ አንድ ተጨማሪ የሚበላሽ ማሽን ነው።

ውሃስ አለ?

አለ። ፊኒክስ የተባለችው ጣቢያ በ2008 ከሰሜን ዋልታው ብዙም ሳትርቅ አፈሩን ጫር ስታደርግ በረዶ አገኘች። አርኬዲያ ፕላኒሺያና ዩቶፒያ ፕላኒሺያ በተባሉት ሜዳዎች ሥርም ብዙ በረዶ እንዳለ ከላይ በራዳር ታይቷል። ችግሩ በረዶው ወደ ዋልታዎቹ ሲሄዱ ይጨምራል፣ ፀሐይና ሙቀት ደግሞ ወደ ማርስ ወገብ። የመስፈሪያ ቦታ ምርጫ የሁለቱ ድርድር ነው።

የተቆፈረው ውሃ ጨዋማ ስለሚሆን ሳይጣራ አይጠጣም። ከቁፋሮው በላይ የሚያሳስበው ግን ያገለገለውን ውሃ መልሶ መጠቀም ነው። የጠፈር ጣቢያው ላብን፣ ትንፋሽንና ሽንትን አጣርቶ ከውሃው 98 በመቶውን መመለስ እንደቻለ ናሳ በ2023 አስታውቋል። እዚያ የተደረሰው ግን በብዙ ብልሽት ነው። የሽንት ማጣሪያው ሥራ በጀመረ ሰሞን ደጋግሞ ተደፈነ። ምክንያቱ በምድር ሙከራ አልታየም ነበር፦ ክብደት አልባ በሆነ ቦታ አጥንት ስለሚሳሳ በሽንት ውስጥ ካልሲየም ይበዛል፤ ካልሲየሙ ሽንቱን ለማቆየት ከሚጨመረው ሰልፈሪክ አሲድ ጋር ተዋህዶ ማሽኑ ውስጥ ጠጣር ጂፕሰም ሠራ። አሲዱ በፎስፎሪክ ሲተካ ተሻሻለ። የማርስ ማሽኖችም እንዲህ ያለ ጠባያቸውን የሚያሳዩት ሥራ ላይ ሲውሉ ነው፤ ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት ለዓመታት ከእውነተኛ ሰዎች ጋር መሮጥ አለባቸው።

በማርስ አፈር ላይ እህል ማብቀል ይቻላል?

እንዳለ አይቻልም። አፈሩ ግማሽ በመቶ ያህል ፐርክሎሬት የተባለ ጨው አለበት፤ ይህ ጨው ታይሮይድ ዕጢ አዮዲን እንዳይወስድ ያግዳል። በውሃ ስለሚሟሟ ማጠብ ይቻላል፤ ያጠበው ውሃ ግን እንደገና መጣራት አለበት። የፀሐዩ ብርሃንም ምድር ላይ ካለው 43 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ተግባራዊው መንገድ በተዘጋ ክፍል፣ በሰው ሠራሽ መብራት፣ ያለ አፈር በንጥረ ነገር ውሃ ማብቀል ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ተጓዦች ምግቡ ታሽጎ ይሄዳል። ከነማሸጊያው በቀን ለአንድ ሰው 1.8 ኪሎ ብንይዝ፣ ለአራት ሰው ለ1,000 ቀን ከ7 ቶን በላይ ነው። ችግሩ ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ቫይታሚን ሲና ቢ1 በማከማቻ ውስጥ በዓመታት ይመናመናሉ።

የተዘጋ ዓለም መፍጠር ምን ያህል እንደሚያስቸግር ከባዮስፌር 2 በላይ የሚያስተምር የለም። በአሪዞና በ1.27 ሄክታር ላይ በተሠራው የመስታወት ግቢ ስምንት ሰዎች ከ1991 እስከ 1993 ተዘግተው ኖሩ። ኦክስጅኑ ከ20.9 በመቶ ቀስ በቀስ ወደ 14.5 ወረደ፤ ከውጭ ካልተጨመረ መቀጠል አልተቻለም። ጥፋቱ የማን ነበር? ለም እንዲሆን ተብሎ የገባው አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ኦክስጅኑን በሉት፤ የተነፈሱትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የሕንፃው ኮንክሪት ስለመጠጠው ተክሎቹ መልሰው ወደ ኦክስጅን ሊለውጡት አልቻሉም። ኮንክሪት ይተነፍሳል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። አነስ ብለው በጥንቃቄ የተሠሩት የተሻለ ውጤት አሳይተዋል፦ የሶቪየቱ ባዮስ-3 በክራስኖያርስክ ሦስት ሰዎችን ለስድስት ወር፣ የቤጂንጉ ዩዌጎንግ-1 ደግሞ በ2017 እና 2018 በፈረቃ የገቡ በጎ ፈቃደኞችን ለ370 ቀናት አኖረዋል።

ጨረሩ ይገድላል?

ወዲያው አይገድልም፤ የካንሰር ዕድልን ግን ከፍ ያደርጋል። ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው የማርስ ሮቦት በጉዞዋ ላይ የለካችው በቀን 1.8 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚቀበለው ጨረር መለኪያ)፣ ማርስ ላይ ደግሞ 0.65 ገደማ ነው። 360 ቀን በጉዞ፣ 500 ቀን በመሬት ብናስብ ወደ 1,000 ሚሊሲቨርት ይጠጋል። ናሳ ለአንድ ጠፈርተኛ የዕድሜ ልክ ጣሪያ ያደረገው 600 ነው። ምድር ላይ የተፈጥሮ ጨረር በዓመት በአማካይ 2.4 ነው።

በመንገድ ላይ እርሳስ መደርደር አይረዳም፤ ከሩቅ ህዋ የሚመጡት ቅንጣቶች ከባድ ብረት ሲመቱ ሌላ ጨረር ይረጫሉ። የተሻሉት ሃይድሮጅን የበዛባቸው ነገሮች ናቸው፦ ውሃ፣ ፕላስቲክ፣ ምግቡ ራሱ። ፀሐይ ድንገት ብዙ ጨረር ስትረጭ (የፀሐይ ማዕበል) የሚገባበት መጠለያ በውሃ ታንኮቹ መካከል የሚሠራውም ለዚህ ነው። ማርስ ላይ ሲደርሱ መፍትሔው መኖሪያውን ከ2 እስከ 3 ሜትር አፈር ማልበስ ነው። ጣሪያው ይደረመሳል ብሎ የሚሰጋ አለ፤ ስሌቱ ግን ተቃራኒውን ይናገራል። 3 ሜትር አፈር በማርስ ስበት በካሬ ሜትር 1.7 ቶን ያህል ሲጫን፣ ከውስጥ እንደ ምድር የተሞላው አየር በካሬ ሜትር 10 ቶን ወደ ላይ ይገፋል። የሚያሰጋው መፈንዳት ነው፤ ደካማው ቦታም አቧራ የሚበላው የበር ማሸጊያ ጎማ ነው። አየሩ ካመለጠ ግን ጣሪያው አፈሩን ብቻውን መሸከም ስላለበት ለሁለቱም ተብሎ ይሠራል።

ዝቅተኛው ስበት በሰውነት ላይ ምን ያመጣል?

በጠፈር ጣቢያ ክብደት የሚሸከሙ አጥንቶች በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ይሳሳሉ፣ ጡንቻ ይከሳል፣ የኩላሊት ጠጠር ይበዛል፣ አንዳንዶች ዓይናቸው ይዳከማል። መድኃኒቱ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ከባድ ስፖርት ነው። ሩሲያዊው ጠፈርተኛ ቫሌሪ ፖልያኮቭ ሚር በተባለው የሩሲያ የጠፈር ጣቢያ 437 ቀን በአንድ ጉዞ ኖሮ በ1995 በሰላም ተመልሷል። ስለዚህ ጉዞው ይቻላል።

ለሰፈራው ግን ይህ ማስረጃ አይበቃም። በእጃችን ያለው መረጃ ስለ ዜሮና ስለ ሙሉ ስበት ብቻ ነው። በመካከል ላለው የሰው ልጅ ልምድ አፖሎ ነው፤ ከሁሉም ረጅሙ፣ አፖሎ 17፣ በ1972 ጨረቃ ላይ ሦስት ቀን ቆየ። በ38 በመቶ ስበት የፀነሰች፣ የወለደች ሴት የለችም። በዚያ ያደገ ልጅ አጥንቱ ምድርን ይችል እንደሆነ የሚናገር አንድም መረጃ የለም። ፈቃደኛ አዋቂ ለራሱ አደጋ ሊቀበል ይችላል፤ ያልተወለደ ልጅ ግን ፈቃድ አይጠየቅም። መስፈርን ዛሬ ላይ እንድንቃወም የሚያደርገን ትልቁ ምክንያት ከገንዘቡም ከርቀቱም ይልቅ ይህ ነው። ደግነቱ መንገድ አለ፦ በሚሽከረከር ጣቢያ ላይ የማርስን ያህል ስበት ፈጥሮ እንስሳትን ለትውልዶች ማርባት። ይህ ለማርስ ከሚወጣው ወጪ ጥቂቱን ብቻ ይጠይቃል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

አንድ ሰው ቢታመምስ?

ያለው ሐኪም፣ ያለው መድኃኒት። በ1961 አንታርክቲካ ውስጥ ብቸኛ ሐኪም የነበረው ሊዮኒድ ሮጎዞቭ ትርፍ አንጀቱን በራሱ እጅ አውጥቷል። በጠፈር ጣቢያ አንድ ጠፈርተኛ የአንገት ደም ሥሩ ውስጥ ደም ሲረጋ በአልትራሳውንድ ታይቶ ከምድር መድኃኒት ተላከለት። ማርስ ላይ ያ መላክ የለም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት የሕክምና ባለሙያ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲታመም ሌላው እንዲያክም።

ኃይሉስ ከፀሐይ ይበቃል?

ለሮቦት አዎ፤ እሱም እስከ ጊዜው። ከ2004 ጀምሮ የሠራችው ኦፖርቹኒቲ በ2018 ማርስን የሸፈነ የአቧራ ማዕበል ሲመጣ ኃይል አጥታ ቀረች። ኢንሳይትም በ2022 ፓነሎቿ በአቧራ ተሸፍነው ቆመች። አየር የሚያመርት ማሽን ለሳምንታት መቆም ስለማይችል አነስተኛ የኒውክሌር ሪአክተር የግድ ይመስለናል። ናሳ በ2018 በኔቫዳ አንዱን በምድር ላይ ሞክሮ ሠርቶለታል።

ማርስን እንደ ምድር ማድረግ አይቻልም?

በምናውቀው ቴክኖሎጂ አይቻልም። በ2018 የወጣ ጥናት በበረዶው፣ በአፈሩና በዓለቱ ያለውን ሊገኝ የሚችል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢደምር ከምድር ግፊት ጥቂት በመቶ ብቻ ሆነ። የቀረው ከረጅም ዘመን በፊት ወደ ህዋ አምልጧል።

ምድር ላይ አደጋ ቢመጣ መጠባበቂያ አያስፈልገንም?

ሐሳቡን አንንቀውም፤ ግን ሚዛኑ ይታይ። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰሮችን ያጠፋው ግጭት በደረሰ ማግስት እንኳ ምድር ከዛሬዋ ማርስ የተሻለች ነበረች፦ አየር፣ ውሃ፣ ሙሉ ስበት ነበራት። በዚያ ላይ መለዋወጫ ከምድር የሚጠብቅ ሰፈር መጠባበቂያ አይደለም፤ ምድር በጠፋች በጥቂት ዓመት ይከተላታል። ናሳ በ2022 ዳርት የተባለች መንኮራኩር ዳይሞርፎስ ከተባለ አስትሮይድ (በህዋ የሚዞር ድንጋይ) ጋር አጋጭቶ የዚያን ድንጋይ ዙረት ከ30 ደቂቃ በላይ አሳጥሯል። ለአስትሮይድ ስጋት ከሰፈራ ይልቅ ቀጥተኛው መልስ ይህ ነው።

ማርስ ላይ ሕይወት ካለ መሄዳችን አያጠፋውም?

ሊበክለው ይችላል። ሮቦቶች ከመሄዳቸው በፊት ይጸዳሉ፤ በ1976 ያረፉት ቫይኪንግ የተባሉት ሁለት ሮቦቶች ከ110 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ ለሰዓታት ተቀምጠው ነበር። ሰውን እንዲህ ማምከን አይቻልም፤ በሄደበት ሁሉ ባክቴሪያውን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚገኝ ሕዋስ የማርስ ይሁን የእኛ መለየት ያስቸግራል። ቅደም ተከተሉ ቢከበር እንመርጣለን፦ በረዶ ያለባቸው ቦታዎች መጀመሪያ በሮቦት ይጠኑ፣ ሰዎች ደረቅ ቦታ ይረፉ።

መሬቱ የማን ይሆናል?

የማንም። የ1967ቱ የህዋ ስምምነት ማንኛውም አገር ጨረቃንም ሆነ ሌላ ፕላኔት የግሉ እንዳያደርግ ይከለክላል፤ የግል ድርጅቶች ለሚያደርጉትም ተጠያቂው መንግሥታቸው ነው። የወጣ ማዕድን ግን አከራካሪ ነው። አሜሪካ በ2015፣ ሉክሰምበርግ በ2017 ባወጡት ሕግ ድርጅቶች ያወጡትን ሀብት ባለቤት እንዲሆኑ ፈቅደዋል። የማርስ መሬት ሰርተፊኬት የሚሸጥልዎ ካለ የሚሸጠው ወረቀቱን ነው።

መሄድ የሚፈልግ ሰው የት ይመዘገባል?

በመንግሥታዊ የጠፈር ድርጅቶች በኩል። ናሳ የአሜሪካ ዜግነት፣ በሳይንስ፣ በምሕንድስና ወይም በሒሳብ ማስተርስ ወይም ተመጣጣኝ ትምህርት፣ የሥራ ልምድና የጤና ምርመራ ማለፍን ይጠይቃል፤ የአውሮፓው ድርጅት ከአባል አገሮቹ ዜጎች ይመለምላል። ማመልከቻው የሚከፈተው በየጥቂት ዓመቱ ነው። የመመዝገቢያ ክፍያ ከሚጠይቅ ይጠንቀቁ፦ ማርስ ዋን የተባለው የሆላንድ ድርጅት ለአንድ መንገድ ጉዞ ከ2013 ጀምሮ በክፍያ አመልካቾችን መዝግቦ፣ ሮኬትም መንኮራኩርም ሳይሠራ በ2019 ከሰረ።